ሰድበን የገዛነው ቶርኖ

የእኛ ሰው ብቻውን ዕቃ መግዛት አይሆንለትም። ለማቀዝቀዣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ለልብስ ማጠቢያ ሽማግሌ ይጠራል፤ ለሶፋ ሲወጡማ ልጅ ሊያጩ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። ደግሞ ሱቅ ገብቶ የሚፈልገውን ዕቃ ቀጥ ብሎ የሚያይ የለም። በሬውን ፊት ለፊት ካወደስከው ዋጋውን ራስህ ሰቀልከው ማለት ነዋ! ስለዚህ የምትፈልገውን ታጣጥላለህ፣ የማትፈልገውን ታደንቃለህ። ጎንደር ገበያ ላይ በደንብ ይሠራ ነበር አሉ። እዚህ በመጣንበት አገር፣ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈርስ? እሱን ነው የማወጋችሁ።

እኔ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እሠራለሁ። አትሳቁ። ባሌ ማሩ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፤ ዓሣዎቹ እሱን ያን ያህል ስለማይወዱት፣ ሰብሮ የሚመለሰው ዘንግ ከሚያመጣው ዓሣ ይበልጣል። የሰበረውን ስጠግን፣ ክሩን ስጠመጥም፣ የቡሽ እጀታውን ስሞርድ ጓደኞቹ አዩና የራሳቸውንም አመጡ። በመጨረሻ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለ አንድ የማጥመጃ ዕቃ ባለሱቅ፣ እጀታው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ሁልጊዜ ካንቺ እወስዳለሁ አለኝ።

አንድ ዓይነት! ቡሹን የማዞረው ጠረጴዛ ላይ ጠፍሬ ባሰርኩት መሰርሰሪያ ነው፤ አንዱ እጀታ ቀጥ ሲል ሌላው ሆዱ ይነፋል። የወሊድ ፈቃዴም እያለቀ ነው። ወይ ቶርኖ ገዝቼ ቤቴ እሠራለሁ፣ ወይ ልጄን ለሰው ትቼ ወደምሠራበት ፋብሪካ ፈረቃ እመለሳለሁ።

ቶርኖ የምለው ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽን ነው፤ እዚህ በዕብራይስጥ መኽሬታ ይሉታል። ለቡሹ ብቻ የእንጨቱ ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን እጀታው ጫፍ ላይ የምትገባውን የአሉሚኒየም ቀለበትም ራሴ መቅረጽ አማረኝ። ልጄን እያጠባሁ በስልኬ ስንቱን አየሁ! አሥረኛ ክፍል ላይ ጥዬው የወጣሁት ትምህርት ሁሉ በቶርኖ የተካሰልኝ እስኪመስለኝ። እና ምን እንደምፈልግ ልቅም አድርጌ አውቃለሁ። ትንሽ ይሁን፤ ከሕንፃው ሥር ባለችው ማህሳናችን፣ በዚያች የዕቃ ክፍል በር ይግባ። ቀስ ብሎ መዞር ይቻል። ከሁሉ በላይ ግን የሚዞረው የማሽኑ ራስ መሃል ያለው ቀዳዳ ዘንጉን ያሳልፍ። ዘንግ የማያልፍበት ቶርኖ ለእኔ የቤት ጌጥ ነው።

ይህን ለማሩ ነገርኩት። ማሩ ለአባቱ ነገራቸው። እኔም አባባ ነው የምላቸው። አባባ ደግሞ የአጎታቸውን ልጅ ጋሼ ወርቁን ጠሩ፤ ጋሼ ወርቁ ፋብሪካ ውስጥ ስላረጁ፣ የሠሩት ካርቶን ማሸግ ቢሆንም፣ ስለ ማሽን የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። እንዲህ ሆነን ከሰፈራችን ከማሃኔ የሁዳ በአውቶቡስ ወደ ሰጉላ ተነሣን፦ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ባል፣ ጋሪ ውስጥ የተኛች ልጅ፣ ጋሪው ጎን የተሰካ ዘንግ፣ ከዚያ እኔ። ራሴን መጨረሻ ያደረግሁት በትሕትና አይደለም፤ ተራዬ እዚያ ነው። ምራት የባሏ አባት ፊት ድምጿን አታሰማም። ከተጋባን ጀምሮ ለአባባ የተናገርኩት ቢሰበሰብ «እሺ» እና «ይብሉልኝ» ነው።

ያገለገሉ ማሽኖች የሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ቶርኖ አሳየን። አንዱ ትንሽ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ። ሌላው ግራጫ፣ የተጋደመ ጎሽ የሚያህል። ወንዶቹ ሰላምታ ላይ ሳሉ ዘንጉን መዝዤ ሞከርኩ። በትንሹ ቶርኖ ቀዳዳ ሰተት ብሎ አለፈ። የትልቁ ቀዳዳ አፍ ላይ ቆመ። ትንሹን ለማሩ በዓይኔ አሳየሁት፤ ማሩ ለአባባ ሹክ አላቸው፤ አባባ ጋሼ ወርቁን ጠቀሷቸው። በሰደር፣ ማለትም እሺ፣ ተግባባን። ሽማግሌዎቹ ሥራ ጀመሩ።

አባባ ትንሹን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው እንጂ ምኑ ማሽን ነው አሉ። ጋሼ ወርቁ ተቀበሉ፦ «ቢያነጥሱበት ይበተናል! ይሄን የሠራው ሰው የሚመክረው ዘመድ የለውም?»

«ይልቅ ግራጫውን እየው፣ ወርቁ! ቁመናውን!»

«እሱማ ጌታ ነው። እኛ ፋብሪካ ወንድሙ ነበር። ባለቤቱ ሞተ፣ ማሽኑ እምቢ አለ።»

እንዲህ ያለ ማጣጣል በዕድሜዬ አልሰማሁም። ዜማ ነበረው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁሉም በአማርኛ ነበር። ሰውዬው አንዲት ቃል ሳይገባው ሲጋራውን እያጨሰ በር በሩን ያያል። ታዲያ ያ ሁሉ ቅስቀሳ የማን ጆሮ ገባ? የራሳችን! ጋሼ ወርቁ አባባን አሳመኑ፣ አባባ ጋሼ ወርቁን አሳመኑ። ማሩ እንኳ ትንሹን ገልመጥ አድርጎ፣ እውነትም ቀለል አላለም ወይ አለኝ። ይባስ ብሎ አባባ ወደ ሰውዬው ዞሩና፣ አሁን ገና በዕብራይስጥ፣ ያላ፣ በቃ፣ ግራጫውን እንወስዳለን ብለው እጃቸውን ለመጨባበጥ ዘረጉ።

እንግዲህ ምራት እዚህ ላይ ምን ታደርጋለች? እሺ ትላለች? ይብሉልኝ ትላለች? ልጄን አየኋት፤ ተኝታለች። የፋብሪካው ደወል ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«አባባ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «የሰደብነው እኮ ልንገዛው ብለን ነው!»

አባባ የተዘረጋ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። ጋሼ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ በዕብራይስጥ ሰውዬውን ያዝኩት፦ ትንሹን አስነሣው፤ ቀስ አድርገው፤ ገና። ዘንጉን አሳልፌ አሽከረከርኩት፤ ቀጥ ብሎ ዞረ። ቀበቶው ማርጀቱን፣ ዘንጉን የሚይዘው ጥርስ መላላቱን አሳይቼ ቅናሽ ጠየቅሁ። ሰውዬው አባባን አየ። አባባ ከድንጋጤያቸው ገና አልተመለሱም። ይህ ድርቅና መስሎት ቀነሰ።

ትንሹ ቶርኖ አሁን ማህሳን ውስጥ ነው። እጀታዎቼ መንታ መስለዋል፣ ባለሱቁ ይወስዳል፣ ፈረቃውን ሌላ ሰው ይሥራው። አባባ ተቀየሙኝ? ኧረ! ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር፣ ምራቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ቆይታ ብቅ እንድትል ከቤት መክረን ነው የሄድነው እያሉ ያወራሉ። እኔም ዝና አተረፍኩ።

ሰሞኑን ጋሼ ወርቁ ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ እሷ ካልመጣች ብለው ወሰዱኝ። ሞተሩን አዳመጥኩ፣ ከሥሩ አየሁ፣ አሁንማ ምላሴ ስለተፈታ ኮራ ብዬ፣ ጋሼ፣ ይሄኛው በጣም ጥሩ ነው አልኳቸው።

ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ። «ዝም በይ እንጂ ልጄ፣ ገና ሰድበን አልጨረስንም!»