የአክሶሎትሉ ጠያቂዎች

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው አሶሳ ተመድቦ አስተምሮ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ወባ ጥሎኝ ሳለ ጠያቂ ጠፋ ብዬ አይደለም የማማርረው። ጠያቂማ በሬን ሊገነጥለው ነበር። ግን እኔን ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የተከራየሁት ክፍል ጥግ ላይ አንድ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውስጡ አክሶሎትል የሚባል ፍጥረት ይኖራል። ዓሣ እንዳይሉት አራት እግር አለው፤ እንሽላሊት እንዳይሉት ከውሃ አይወጣም። አንገቱ ላይ ላባ የመሰለ መተንፈሻውን ዘርግቶ ቀን ከሌት ፈገግ ብሎ ይውላል። ምን እንደሚያስቀው እሱ ይወቅ። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ያበጠና ነጭ የለበሰ ነው፤ አያይበትም። ስለዚህ ለጌትነቱ ትሉን በወረንጦ ይዤ በቀኝ በኩል አፉ ድረስ ካላደረስኩለት ጦሙን ያድራል። ያመጣው እዚህ ቤት ይኖር የነበረ የባዮሎጂ መምህር ነው። ዝውውር ሲደርሰው፣ በዚህ ሙቀት አውቶቡስ ላይ ቢጭነው ተቀቅሎ ሊደርስ ሆነ፤ ለሚቀጥለው ተከራይ ተወው። የሚቀጥለውም ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ለዓይን ሕመም ምን አገባኝ?

ታዲያ እኔን ወባ በያዘኝ ሰሞን የእሱም ዓይን ብሶበት ቀላ። የሱ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ግቢውን አዳረሰ። መጀመሪያ የመጡት በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡት ጎረቤቴ አቶ ይመር ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና አልጋዬን አልፈው ገንዳው ፊት ቆሙ። ከንፈራቸውን መጠጡ። እህል ይቀምሳል ወይ? ሌሊቱን እንዴት አደረ? እያሉ ጠየቁኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ መለስኩ። ሲወጡ ግን አላዘኑልኝም ብል እዋሻለሁ። ራስህን ጠብቅ፤ አስታማሚ ከወደቀ የሚጎዳው በሽተኛው ነው ብለው መከሩኝ።

ከእሳቸው በኋላ አንዷ ጎረቤት ጉበት ቆርጣ ይዛ መጣች። ለማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል?

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ሲግል እማማ ዘሃራ መጡ። የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ቀዝቃዛ ውሃም ይሸጣሉ። ማቀዝቀዣቸው ውስጥ የቀረችውን አንዲት በረዶ የሆነች የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። ዓይኔ ጠርሙሷን ተከተላት። ትኩሳቱ ጭንቅላቴን ሊያፈነዳው ደርሷል። እሳቸው ግን በአጠገቤ አልፈው ገንዳው ውስጥ አስቀመጧት፣ ውሃው እንዲቀዘቅዝለት።

ይኼኔ አልቻልኩም። እማማ፣ እኔም እኮ ታምሜያለሁ፤ ምነው እኔን የሚጠይቅ ጠፋ? አልኳቸው።

አልተቆጡም፣ አላፈሩምም። መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው መምህር ወባ ሲይዘው ሾርባ እየሠሩ፣ እንደ ልጃቸው አጠገቡ እያደሩ እንዳስታመሙት ነገሩኝ። ሄደ፤ አንድ ቀን እንኳ አልደወለም። የሚቀጥለውንም ልጄ አሉት፤ እሱም ሄደ። ወላሂ፣ ልብ አለቀ አሉኝ። ከዚያ ወደ ገንዳው እያዩ፣ «መምህር ሁሉ ይሄዳል። ይሄ መስኪን ብቻ ነው የሚቀር» አሉ።

አንጀቴን በሉት። እኔ እንደነሱ አይደለሁም፣ የትም አልሄድም ብዬ ልምል አፌን ከፈትኩ። ግን የዝውውር ማመልከቻዬን ካስገባሁ ገና ወር አልሞላም። በወባ ላይ የሐሰት መሐላ ተጨምሮ ማን ይችለዋል? አፌን መልሼ ገጠምኩ። እሳቸውም መልሴን ያገኙ መሰለኝ፤ ተነስተው ወጡ።

ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠበቅኩና እየተንገዳገድኩ ሄጄ እጄን ገንዳው ውስጥ ሰደድኩ። ጠርሙሷን አውጥቼ ግንባሬ ላይ ለጠፍኳት። እፎይ! አክሶሎትሉ በደህናው ዓይኑ እያየኝ ፈገግ አለ።

ለካ አቶ ይመር ለማታው ጥየቃ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። እኔን አዩ፤ ግንባሬ ላይ ያለችውን ጠርሙስ አዩ፤ ጭንቅላታቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«ምነው መምህር!» አሉ። «የበሽተኛ ይቀማል?»