ወይዘሮ አስካለ የት ደረሱ?

መስጠት ደስ ይላል። አትዋሹ፣ ደስ ይላል! ሰጪው ቆሞ፣ ተቀባዩ ጎንበስ ብሎ፣ መሃል ላይ ካሜራ ተደግኖ፣ ጭብጨባው ሲቀልጥ ልቡ የማይሞቀው ሰው ካለ፣ እሱ ወይ ባሕታዊ ነው ወይ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ችግሩ ከጭብጨባው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ያኔ ካሜራውም ሰጪውም ይሄዳሉ፤ የሚቀሩት ተቀባዩና ዕቃው ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ አንዳንዴ አይግባቡም።

ይህን የምላችሁ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ኮልፌ ባለች አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሪፖርት ጸሐፊ ነኝ። “ተሰጥቷል”፣ “ተከናውኗል” የሚሉትን ቃላት ከእኔ በላይ ያደከመ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ዊልቸር ባደልን በዓመቱ፣ አለቃዬ ሠናይት “የአንድ ተጠቃሚ ታሪክ አምጣልን፤ ደስ የሚል ይሁን” አለችኝ። ከዝርዝሩ ወይዘሮ አስካለን መረጥኩ። ለምን እሳቸውን? ቤታቸው ቅርብ ነዋ።

ወይዘሮ አስካለ ስልሳን የተሻገሩ፣ መኪና ከገጫቸው ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ምላሳቸው ግን ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ሴት ናቸው። ስገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የትራስ ልብስ ይሰፋሉ። ዊልቸሩ ጥግ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ሪፖርቴ አልዋሸም ማለት ነው፤ “ተሰጥቷል” ብዬ ነበር የጻፍኩት።

“ለፎቶ ከሆነ ልብሱን አንሣው” አሉኝ። “ልምድ አለኝ፣ ባለፈውም ተነሥቻለሁ።”

“ለምን አይሄዱበትም?”

“ሁለት ወር ሄደ። ከዚያ የፊቱ ጎማ ኮብልስቶኑ መሃል ተሰንቅሮ ተገነጠለ፤ እኔንም ደፋኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ በር አልወጣሁም።” መርፌያቸውን አቆሙ። “ጎረቤቴ ብርቄ ስትሞት እንኳ። ድንኳኑ እዚህ ማዶ ነበር፤ ለቅሶው ይሰማኛል። ስንት ዘመን አብሬያት የኖርኩትን ሴት አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀበርኳት።”

ቦርሳዬ ውስጥ “ሕይወትዎ እንዴት ተለወጠ?” የሚል መጠይቅ ነበር። ሳላወጣው ቀረሁ።

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል ያገሬ ሰው። እኛ አቤት ብለን መጥተን፣ የያዝነውን አስረክበን፣ ባለቤትየዋ የሚሉትን ሳንሰማ ሄደናል።

ቢሮ ተመልሼ ለሠናይት ስነግራት ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ሪፖርቱ የሚላክበት ቀን ደርሷላ። እሷ ግን የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር አወጣችና “ሌሎቹስ?” አለች። በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርን። አብዛኞቹ ዊልቸሮች ቆመዋል። አንዱማ የድንች መደርደሪያ ሆኖ አገኘነው።

የወይዘሮ አስካለን ዊልቸር ገበያው አጠገብ ወዳለው በያጅ፣ ወደ ጌታሁን ወሰድኩት። ገልብጦ አየውና “ይሄ እኮ ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ነው፤ ለኛ መንገድ አይሆንም” አለ። ትንንሾቹን ጎማዎች አውጥቶ ሰፋ ያሉ የጋሪ ጎማዎች ገጠመለት። ግን ባለቤትየዋ ሳይሞክሩት አላስረክብም ብሎ ቤታቸው ድረስ መጣ። ወይዘሮ አስካለ ተቀመጡበትና “መርገጫው አጥሯል፣ ጀርባው ይቆረቁራል” እያሉ እንደ መሐንዲስ አዘዙት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው በሩን ወጡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ብርቄ ልጆች ነው። እዚያ የተባለውን አልነግራችሁም፤ እኔ ደጅ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ሠናይት ለአዲስ ዊልቸር የተያዘውን ዕቅድ ወደ ጥገና አዞረችው። ለጋሾቹን ማሳመን ቀላል አልነበረም፤ አዲስ ዕቃ ፎቶ ላይ ያምራል፣ የጠበቀ ብሎን ግን ምኑ ይታያል? በመጨረሻ እሺ አሉ። ከጌታሁን ጎን አንድ የጥገና ክፍል ተከፈተ። ጠዋት ጠዋት የነጋዴዎች ጋሪ በክፍያ ይጠገንበታል፤ ያ ገቢ የዊልቸሮቹን ወጪ ይሸፍናል። ወይዘሮ አስካለ የተቀደደ መቀመጫ ይሰፋሉ፤ ደመወዝተኛ ሆነዋል። ባለ ሦስት ገጽ መጠይቄን አንብበው መለሱልኝና፣ ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቀርባሉ፦ “በዚህ ሳምንት የት የት ሄድክ?” “የትም” ያለ ሰው፣ ዊልቸሩ ደህና ቢሆንም ዝም ብሎ አይለቀቅም። በሩ ጠብቦት ነው? ደረጃ አለበት? ጌታሁን መዶሻውን ይዞ ይከተለዋል።

ሁሉ ነገር ተቃና ማለቴ አይደለም። ክረምት ሲገባ ጭቃው የጋሪ ጎማም ያሸንፋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ለደረሰው ሰውዬ ደግሞ እስካሁን መላ አላገኘንለትም።

ባለፈው ሳምንት ለጋሾቹ ሊጎበኙን መጡና ወይዘሮ አስካለን ማየት ፈለጉ። ጥገና ክፍሉ ውስጥ የሉም፤ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ቤታቸው ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ስልክ ደወልኩ፤ የረዳት ጩኸት ተቀበለኝ።

“ጦር ኃይሎች ነኝ!” አሉ። “ዊልቸሩን ታክሲ ላይ እየጫኑልኝ ነው። ቤቴል ሄጄ የወለደች ልጠይቅ።”

“እንግዶች እየጠበቁዎት ነው እኮ!”

“ታዲያ ይጠብቁኛ!” ዘጉት።

ወደ እንግዶቹ ተመለስኩ። ካሜራቸውን አዘጋጅተዋል። “ይቅርታ” አልኳቸው፣ ፈገግታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ “ወይዘሮ አስካለ የሉም። ወጥተዋል።”