የሙርጎላት ጠበቃ

ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ በሚሸጥበት ከተማ ሁሉ፣ ክፉውን ገጸ ባሕርይ ከጸሐፊው በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ነው፤ ሲዘጋ የሚወጣው በልመና ነው። በእኛ ክሊቭላንድ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ሚስተር ሉድቪክ ዛላር ናቸው። ጡረታ የወጡ የድልድይ ሠራተኛ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለመርከብ ድልድይ ሲያነሡና ሲያወርዱ፣ በአንዱ መርከብና በሚቀጥለው መካከል ያነበቡት ስለ ሙርጎላት ብቻ ነው።

ሙርጎላት ከሰባት ጨረቃዎች ማዶ የመጣ፣ ቆዳው እንደ ዝገት የቀላ ንጉሥ ነው። ምድርን ለመውረር ስልሳ ዓመት ሙሉ ደክሟል፤ እስካሁን አልተሳካለትም። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት እንዳይሳካለት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝና።

የመጽሔቱ አዲስ ቁጥር የሚወጣው በዓመት አምስት ጊዜ፣ ሁልጊዜም ረቡዕ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ዶሪን ሱቅ ስገባ፣ ሚስተር ዛላር መጽሔቱን ሦስት ጊዜ አንብበው ጨርሰው፣ ባንኮኒውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። ሰላምታ የለም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅሉና “እሱ እንዲህ አያደርግም” ይላሉ።

አንድ ጊዜ ሙርጎላት ዘጠኝ ቢሊዮን ነዋሪ ያለባትን ፕላኔት ከቁርስ በፊት እንዲያቃጥል አደረግሁ። ሚስተር ዛላርን ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም የእሳቱን ቀለም አደነቁ። በሚቀጥለው ቁጥር ግን ለአሽከሩ አንዲት ትንሽ ውሸት አስዋሸሁት። ሱቁ ለቅሶ ቤት መሰለ።

“ስማ ራስል” አሉኝ። “ሙርጎላት ይገድላል። ሙርጎላት አይዋሽም። ይኼ ልዩነት ካልገባህ የአየር ትንበያ ጻፍ።”

ሌላ ጊዜ ደግሞ ውሃ አጠጣሁት። ለካ ውሃ ቆዳውን እንደሚያቀልጠው በቁጥር 41 ተጽፏል። የሌላ ፕላኔት ውሃ ነው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። የየትኛው ፕላኔት፣ ስንት ዲግሪ የሞቀ፣ በምን ዓይነት ብርጭቆ የተቀዳ እያሉ አፋጠጡኝ። ባለሱቋ ዶሪን ሥራዋን ትታ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ትሰማን ነበር። “ኮሚኩን ትቼ የእናንተን ክርክር ለሚያይ ትኬት ብሸጥ ይሻለኝ ነበር” አለች።

የእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለው። ጸሐፊ ሲሳሳት፣ ስህተቱን ያገኘ አንባቢ መውቀስ ብቻ አይበቃውም፤ ነገሩ ስህተት ያልሆነበትን ምክንያት ራሱ ፈልስፎ በደብዳቤ ይልካል። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ከታተመው ገጽ ሁሉ ጋር ከገጠመ፣ በአንባቢያን ገጽ ላይ ከነስሙ ይወጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እውነት ነው፤ እኔም እታዘዛለሁ። ሚስተር ዛላር በዚህ መንገድ አሥራ አራት ስህተቶቼን ጠግነዋል። ሙርጎላት የጠጣው፣ ለምሳሌ፣ የቀለጠ መስታወት ሆኖ ተገኝቷል።

ባለፈው ዓመት አሳታሚው ጠራኝ። ሙርጎላት አርጅቷል፣ ገበያውም ቀዝቅዟል፣ ስለዚህ በቁጥር 300 ይሙት አለኝ። ከርሞ የሚመለሱበትን ዓይነት ሞት ሳይሆን፣ የምሩን። ታዘዝኩ። ከነዘውዱ ወደ ፀሐይ ወረወርኩት።

ከእኔ በፊት ሙርጎላትን የጻፉ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ ሞተዋል። ልጅ ሆኜ፣ ኩፍኝ ይዞኝ ከትምህርት ቤት በቀረሁበት ሳምንት፣ መጋረጃው ተዘግቶ በባትሪ ብርሃን አነብ የነበረው የእነሱን ዓረፍተ ነገር ነው። ዛሬ እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ እኔ እስከማውቀው፣ አንድ ብቻ ነው። እና ያንን አንድ ሰው ረቡዕ ቀን መሄጃ ላሳጣው ነው።

ቁጥር 300 በወጣ ዕለት ሚስተር ዛላር አንብበው ጨረሱ፣ መጽሔቱን ብብታቸው ሥር አደረጉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሳይሰቅሉ ወጡ። አዲስ ቁጥር ባይወጣም ረቡዕ ቀርተው አያውቁም ነበር፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ግን አልመጡም። በሦስተኛውም። ዶሪን ቤታቸው ብትደውል ስልኩን የሚያነሣ ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ “ምነው ዛሬስ በቀሩልኝ” ስል የነበርኩ ሰው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን ሳዞር ዋልኩ።

በአራተኛው ረቡዕ መጡ። ጺማቸው አድጓል። በታይፕ የተመታ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለውዝ ኬክ ፍርፋሪ ነበረበት። ሥራ እንዳያስፈታቸው የስልኩን ገመድ ነቅለው፣ ሦስት መቶውንም ቁጥር ከአንድ ጀምሮ እንደገና ሲያነቡ ከርመዋል።

“ቁጥር 88፣ ገጽ ስድስት” አሉ። “የሙርጎላት ወገኖች እንቁላላቸውን የሚያስፈለፍሉት የት ነው?”

አላስታወስኩም።

“ፀሐይ ውስጥ። ገደልኩት ብለህ ነበር፣ አይደል? እናቱ ቤት ነው የላክኸው።”

ፊቴ እስኪቀላ አፈርኩ። ይህን ያህል ግዙፍ ስህተት ሠርቼ አላውቅም። ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሙርጎላትን ስገድል፣ አሳታሚው ሳያይ፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትቼለት ነበር፦ በቁጥር 212 የሰበረውን ቀለበት ሠዓሊዎቹ እንዳልተሰበረ አድርገው ጣቱ ላይ እንዲስሉለት አድርጌ ነበር። የሞተው ሌላ ሰው ነው የሚል አንባቢ ይመጣል ብዬ፣ ያ አንባቢ ማን እንደሚሆንም አውቄ። ገጾቹን እስከ መጨረሻው ገለጥኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ግርጌ፣ በትንንሽ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ “ቀለበቱን አይቼዋለሁ። ሆን ተብሎ የተተወ ስለሆነ አልተጠቀምኩበትም። ደራሲውን ግን አመሰግናለሁ።”

አሳታሚው ደብዳቤውን አነበበ፣ ቁጥር 88ን ከመጋዘን አስወጥቶ አየ፣ ተራገመ፣ ፈቀደ። ልማድ ነው፤ ምን ያደርጋል። ሙርጎላት በቁጥር 301 ከፀሐይ ውስጥ ተፈልፍሎ ወጣ፤ ቁመቱ አንድ ክንድ፣ ቁጣው እንደ ድሮው።

አሁን መከራዬ በዝቷል። ጨቅላ ወራሪ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ የመጀመሪያዋን ፕላኔት በስንት ወሩ እንደሚያቃጥል ሚስተር ዛላር ሳይወስኑ አንድ መስመር መጻፍ አልችልም። በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላሉ። ኑሮዬን አበላሽተውታል። እኔም ስልኩ ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ ብዬ፣ ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።