የማይታየው ሟች

ዓይን የማያየውን ነገር ሲያሳድግ የሚውል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔ ጎረቤት ነው። ይህ የልደታ ኮንዶሚኒየማችን የኬሚስትሪ ዶክተር፣ ፀጉር እንኳ አጠገቡ ግንድ እስኪመስል ድረስ የሳሳ የፕላስቲክ ሽፋን ቁራጭ መስታወት ላይ ያሳድጋል፤ ሽፋኑ ኬሚካሎችን ቶሎ ያዋህዳል አሉ።

የሦስት ዓመት ድካሙን ሊያሳየን ቤቱ ሰበሰበን። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መስታወቱን ተቀብለው፣ «አቧራ ይዞታል» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ጥርግ አደረጉት። ዶክተሩ ራሱን ይዞ ጮኸ። ጩኸቱን የሰማው እድር ድንኳን ተከለ።

«ሟች ማን ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ። መስታወቱን አሳየናቸው። አገላብጠው አዩና «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀመጡ። እኔም አለቀስኩ፤ የጎረቤት ለቅሶ ላይ ዝም ይባላል እንዴ?

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች፣ «አይዞህ ልጄ፣ የጠረግኩበትን ነጠላዬን አላጠብኩትም» አሉት። ዶክተሩ ነጠላውን ይዞ ወደ ላብራቶሪው በረረ።

ይኸው እስከ ዛሬ ነጠላቸውን አልመለሰላቸውም፤ እሳቸው ልደታ ማርያም የሚሳለሙት በእኔ ነጠላ ነው፤ እኔ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ።