ማን ቀድሞ ተሸነፈ?

መታረቅ ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች ከባድ የሆነባቸው ቀድሞ መደወሉ ነው። አይደለም እንዴ? ንዴቱ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖት፣ «ለምን እኔ ቀድሜ?» እያሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥ አለ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ግትርነቱም አብሮ ሳይቀዳ አይቀርም።

ባለቤቴ ሰይድ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅ አሳድጋለሁ። ሐያትን ሳረግዝ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋረጥኩ። ዘንድሮ የማታ ልማር አልኩ። ሰይድ «ልጅቷ ትንሽ ጠንከር ትበል» አለ። ዝም አልኩ። የእኔን ዝምታ ሰይድ ያውቀዋል፤ ከጩኸት ይብስበታል። እንደተኮራረፍን መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

የምዝገባው መጨረሻ ነገ ሊሆን፣ ከሰዓት በኋላ አንጀቴ አልችል አለና ደወልኩ። የስልኳ ሴትዮ መስመሩ ተይዟል አለችኝ። ደገምኩ። ተይዟል። ከማን ጋር ነው እንዲህ የሚያወራው? ለካ እሱም ወደ እኔ እየደወለ፣ «ከማን ጋር ናት?» እያለ ሲበግን ኖሯል።

በመጨረሻ መስመሩ ገባ። እኔ «በቃ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ» አልኩ። እሱም እዚያው ላይ «በቃ፣ ተመዝገቢ» አለ።

አሁን የማን ቃል ይጽና? እሱ ቀድሞ ከተሸነፈ እማራለሁ፤ እኔ ከቀደምኩ እቀመጣለሁ። በእኔ ጆሮ የእኔ ድምፅ ነው የቀደመው። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የሰይድ እህት ዘይነብ የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። አጠገቤ ፈተና እያረመች ነበርና ሰይድ በስፒከር «ዳኚን» አላት። ማን ሊያስቆማት? እየሄደ ያለ ባቡር ፊቱንም ኋላውንም መብረቅ መታው እንበል አለች። መሀል ላይ፣ ሐዲዱ ዳር የቆመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መታው ይላል። ባቡሩ መሀል የተቀመጠው ደግሞ የለም፣ የፊተኛው ቀድሟል ይላል።

«ባቡሩ ወደ ፊተኛው ብርሃን ስለሚሄድ ነዋ» አለ ሰይድ። እሷም፣ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አስልተን እናስታርቃቸው ነበር አለችው። ብርሃን ግን ለቆመውም ለተሳፈረውም ፍጥነቱ አንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተጠንቅቀው ቢያሰሉም አይስማሙም።

«ታዲያ ማን ነው ልክ?» አልኳት።

«ሁለቱም።»

ሁለቱም! እኔ ከዚህ ወዲያ አልሰማሁም። ዘይነብ እንኳ ቀጥላ፣ የእናንተው የኔትወርክ መዘግየት ነው፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የሚያቃስት መኪና ፍጥነቱ ለዚህ ወግ አይበቃም ብላ ነበር።

ሹፌር መቀደም አይወድም፤ እንኳን በመኪና በወሬም።

«ሰይድ፣ በአንተ በኩል ማን ቀደመ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«እኔ ነኛ» አለ ኮራ ብሎ። «ያንቺን የሰማሁት እኔ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።»

ዘይነብ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ።

ትልልቆቹ ሚስት የባሏን ቃል ትስማ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም የእሱን ቃል ከራሴ ጆሮ አስበልጬ፣ በማግስቱ በጠዋት ሄጄ ተመዘገብኩ።