በክር የታሰረው ዙኪኒ

[ወላይታ ሶዶ፣ ኢሕአዴግ ከየቀበሌው «ምርጥ ተሞክሮ» በሚለቅምበት ዘመን። የከተማ ግብርና ባለሙያው የዳልጮ ቤት፣ የጓሮ ክፍል። መስኮቱ ሥር በግማሽ የተቆረጡ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ የዱባ ዘመድ የሆነው የዙኪኒ ሰፋፊ ቅጠል ከላያቸው ወጥቷል። ፍሬ የለም። ቀድሞ በዚህ ቦታ የነበረው የአንጁሎ ፍራሽ ነው። አንጁሎ የዳልጮ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከዱቦ መጥቶ፣ ዙኪኒው ክፍሉን ከወሰደበት ወዲህ ማድ ቤት ያድራል። ዳልጮ አንድ የደረሰ ዙኪኒ ይዞ ተንበርክኳል። አንጁሎ ክር ይዞ ቆሟል።]

ዳልጮ፦ አረንጓዴ ክር ነው ያልኩህ። ይሄ ነጭ ነው።

አንጁሎ፦ እህቴ የስፌት ሳጥን ውስጥ ያለው ነጭና ቀይ ነው ጋሼ።

ዳልጮ፦ ነጭ ክር ያለው አትክልት አይተህ ታውቃለህ?

አንጁሎ፦ ክር ያለው አትክልትስ መች አይቼ አውቃለሁ።

ዳልጮ፦ [ይነጥቀዋል] አምጣ። በቅጠል እንሸፍነዋለን።

አንጁሎ፦ ይሄ ዙኪኒ ትናንት ከአረካ ያመጣሁት አይደል እንዴ?

ዳልጮ፦ ትናንት የአረካ ነበር። ዛሬ የሶዶ ነው።

አንጁሎ፦ የእኛውስ ለምን አላፈራም?

ዳልጮ፦ በኔ በኩል የጎደለ የለም። ዘሩን በሳይንስ ዘፈዘፍኩ። አፈሩን ከፍግ ጋር በሳይንስ ቀላቀልኩ። በቀለ፣ ቅጠል አወጣ፣ አበበ። ከዚያ አበባውን ገመገምኩ።

አንጁሎ፦ አበባ ይገመገማል?

ዳልጮ፦ የማይገመገም ምን አለ? ገሚሱ አበባ ከሥሩ ትንሽ ፍሬ ተሸክሟል። ገሚሱ ምንም ሳይዝ በቀጭን አገዳ ቆሞ ውሃ ይጠጣል። ኪራይ ሰብሳቢ ማለት እሱ ነው። እየለቀምክ ጣለው አልኩህ።

አንጁሎ፦ በየጠዋቱ ጣልኩ።

ዳልጮ፦ ከዚያ ባለፍሬዎቹም ቢጫ ሆነው ረገፉ። ያልገባኝ ይሄ ነው።

አንጁሎ፦ ዱቦ ቤታችን ጓሮ ያለው ዱባም ባዶ አበባ አለው። እናቴ አትነካውም።

ዳልጮ፦ ለምን?

አንጁሎ፦ እኔ እንጃ። ስንፍና ይሆናል። ንብም ከባዶው ወደ ባለፍሬው ሲመላለስ ዝም ነው የምትለው።

ዳልጮ፦ እዚህ አንድ ንብ አልገባም። መስኮቱን በላስቲክ ያሸግኩት ለጨዋታ መሰለህ?

አንጁሎ፦ ታዲያ ዛሬ ሊጎበኙ ለሚመጡት ልዑካን «አላፈራም» ብትላቸውስ?

ዳልጮ፦ «አፍርቷል» ብዬ ሪፖርት ልኬአለሁ። ሪፖርት ወደ ኋላ አይመለስም። ሲመጡ ፍሬ ካላዩ ቢጠና ድረስ ነው የሚወረውሩኝ። እዚያ ክፍት የባለሙያ ቦታ አለ፤ «ደካማ» የሚሉትን ሰው ሊሰጡት ይፈልጋሉ። ቤቴን፣ ሚስቴን፣ ሶዶን ትቼ የትም አልሄድም። ገባህ?

አንጁሎ፦ ገባኝ። ፍራሼስ?

ዳልጮ፦ የምን ፍራሽ?

አንጁሎ፦ እዚህ የነበረው። ማድ ቤቱ ጭሱ ከብዶኛል።

ዳልጮ፦ ሰው አገር ሲያለማ አንተ ፍራሽ ትላለህ። ይልቅ ስማ። ልዑካኑ ሲመጡ ተናጋሪው እኔ ነኝ። አንተን ከጠየቁህ አንድ ቃል ብቻ፤ «ይቻላል»።

አንጁሎ፦ ምኑ?

ዳልጮ፦ ሁሉም።

አንጁሎ፦ ዙኪኒውን ቢነኩትስ?

ዳልጮ፦ ልዑካን ቡድን አይነካም። ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል።

አንጁሎ፦ ለስላሳም አይጠጣም?

ዳልጮ፦ [ክው ይላል] ሚሪንዳውን ረሳሁት። ሽኩር ሱቅ ደርሼ መጣሁ። ምንድን ነው የምትለው?

አንጁሎ፦ ይቻላል።

[ዳልጮ ይሮጣል። ሽኩር ቀዝቃዛውን ካልቀዘቀዘው ሲለይ መኪና መጥቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ፣ ይሄዳል። ዳልጮ ጠርሙሶቹን አቅፎ ሲገባ አንጁሎን ብቻ ያገኛል።]

ዳልጮ፦ የታሉ?

አንጁሎ፦ ሄዱ። ገና ብዙ የሚያዩት አለ።

ዳልጮ፦ ተቆጥተው?

አንጁሎ፦ አጨብጭበው።

[ዳልጮ በረጅሙ ይተነፍሳል። ቁጭ ይልና ለልዑካኑ ካመጣው አንዱን ከፍቶ ራሱ ይጠጣል።]

ዳልጮ፦ ከመጀመሪያው ንገረኝ።

አንጁሎ፦ መጀመሪያ ሴትዮዋ . . .

ዳልጮ፦ ኃላፊዋ በል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ የግብርና መምሪያችን ኃላፊ ናቸው።

አንጁሎ፦ ኃላፊዋ ዙኪኒውን ነኩት።

ዳልጮ፦ አይነኩም።

አንጁሎ፦ እጃቸው ላይ ወደቀ።

[ዳልጮን ትን ይለዋል።]

አንጁሎ፦ «ሲደርስ በራሱ ይወድቃል? ይሄ ይቻላል?» አሉ። «ይቻላል» አልኩ። «የለቃሚ ጉልበት ይቆጥባል» ብለው አስጻፉ።

ዳልጮ፦ ክሩስ?

አንጁሎ፦ ግንዱ ላይ ቀርቶ አዩት። «በክር ደግፎ ማሳደግም ይቻላል?» አሉ። «ይቻላል» አልኩ። ለሌሎች ቀበሌዎችም ክር ሊታደል ነው።

ዳልጮ፦ [እየሳቀ] አንጁሎ፣ «ይሄ ወንድምሽ ደደብ ነው» እያልኩ እህትህን ሳስቸግር ከርሜአለሁ።

አንጁሎ፦ ሰምቻለሁ። ማድ ቤቱና መኝታ ቤታችሁ ግድግዳቸው አንድ ነው።

ዳልጮ፦ [አይሰማውም] ቀጥል፣ ቀጥል።

አንጁሎ፦ «እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ክፍል ውስጥ መቅረት የለበትም። ሌላ ወረዳ ማስፋፋት ይቻላል?» አሉ።

ዳልጮ፦ አልክ?

አንጁሎ፦ አልኩ።

ዳልጮ፦ ጎበዝ። የትኛው ወረዳ?

አንጁሎ፦ ዱጉና ፋንጎ።

ዳልጮ፦ [ጠርሙሱን ያስቀምጣል] ዱጉና ፋንጎ የት?

አንጁሎ፦ ቢጠና።

[ዳልጮ የጠርሙሱን ክዳን መልሶ ሊገጥም ይታገላል።]

አንጁሎ፦ «ያንን ክፍት ቦታ ለደካማ ልንሰጠው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው እያለን ምን በወጣን» አሉ። «ባለሙያው ቤተሰቡን ትቶ መሄድ ይቻለዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ዳልጮ፦ አንጁሎ።

አንጁሎ፦ «ይቻላል» አልኩ።

ዳልጮ፦ «እስቲ እሱን ጠይቁት» አይባልም? ሌላ ቃል የለህም?

አንጁሎ፦ ያስተማርከኝ አንድ ነው።

ዳልጮ፦ [ይነሳል] ሮጬ እደርስባቸዋለሁ። ፍሬው ከአረካ የተገዛ ነው እላቸዋለሁ።

አንጁሎ፦ ሪፖርቱስ ጋሼ? ወደ ኋላ ይመለሳል?

[ዳልጮ በሩ ጋ ይደርሳል። ይቆማል። ተመልሶ ቁጭ ይላል።]

ዳልጮ፦ ዙኪኒውስ የት ገባ?

አንጁሎ፦ ወሰዱት። ቀጥሎ የሚሄዱበት ሰውዬ የሱም ዙኪኒ አልደረሰለትም መሰለኝ። ሰኞ መኪና ይመጣል፤ አንተንም ጀሪካኖቹንም አንድ ላይ ያደርሳል።

[አንጁሎ ይህን ብሎ ወደ ማድ ቤት ይወጣል።]

ዳልጮ፦ [ከኋላው] የጀሪካኖቹን ነገር ደግሞ ማን አነሳ?

አንጁሎ፦ [ከውጭ] እኔ። አንድ ጥያቄ ጠይቅ ሲሉኝ፣ «ጀሪካኖቹንም መጫን ይቻላል?» አልኳቸው።

ዳልጮ፦ ምን አሉህ?

[አንጁሎ ፍራሹን እየጎተተ በሩ ላይ ብቅ ይላል።]

አንጁሎ፦ በዚያ በኩል ያዝልኝ ጋሼ፤ በሩ ጠባብ ነው።