የጩማ በሬ አሟሟት ሲመረመር

ፍትሕ በሶዶ እንቅልፍ አታውቅም። ይልቁንም ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ ዳኛ ሆነው በተሾሙበት በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ሰው ቀርቶ በሬም ያለ ማስረጃ መሞት አይችልም ነበር።

በዚያ ዓመት ሰኔ ሲገባ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ «በአባ ሰንጋ በሽታ የሞተ ከብት ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ሆዱ ሳይከፈት፣ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ የከፈተ ይቀጣል።» ግራዝማች ሦስት ጊዜ አስነበቡት፤ ሦስቴም አደነቁት።

በሳምንቱ ተበላ ከተባለው መንደር አጠገብ የሚኖር ጩማ የሚባል ገበሬ ከሁለት የእርሻ በሬዎቹ አንዱ ሞተበት። ማለዳ ሲግጥ የነበረው በሬ ረፋድ ላይ ወደቀ፤ ሆዱ ተነፋ፤ ካፍንጫው ጥቁር ደም ወረደ። ጎረቤቶች ቢላዋ ይዘው መጡ፤ ያን ሁሉ ሥጋ ማን ይጥላል? ጩማ ግን የደብዳቤውን ቃል ገበያ ላይ ሲነገር ሰምቷልና፣ ዕንባውን እየጠረገ ከሚስቱ ከአዛለች ጋር ቆፍሮ ቀበረው።

ሕግ አክባሪነቱ ወዲያው ታወቀለት፤ ታስሮ ሶዶ ቀረበ።

«በሬህ በአባ ሰንጋ መሞቱን በምን አረጋገጥህ?» አሉ ግራዝማች።

«ሆዱ ተነፋ፣ ጌታዬ። ደሙም ጠቆረ» አለ ጩማ በአስተርጓሚ።

«ይህ ያንተ ቃል ነው። በሌላ በሽታ ሞቶ ከሆነ፣ በደብዳቤው ስም መቅበርህ በመንግሥት ቃል መቀለድ ነው። በድኑ ወጥቶ፣ ተከፍቶ ይመርመር!»

ጸሐፊው ተክለጻድቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ደብዳቤው አይከፈት ይላል።»

«አይከፈት ያለው በአባ ሰንጋ የሞተውን ነው። ይህ ገና አልተረጋገጠም።»

«በምን ይረጋገጣል?»

«በመክፈት!»

«ተከፍቶ አባ ሰንጋ ሆኖ ቢገኝስ?»

«ያን ጊዜ የከፈተው ይቀጣል። ሕግ ማለት በሁለቱም ወገን ሲይዝ ነው።»

ከፋቹም ራሱ ጩማ እንዲሆን ተፈረደ።

«እሰሩኝ እንጂ አልነካውም» አለ ጩማ። «ወንድሜ እንዲህ ያለ ከብት ገፍፎ ክንዱ ላይ ጥቁር ቁስል ወጣበት። በአምስተኛው ቀን ቀበርነው።»

ተክለጻድቅ ብዕሩን አስቀመጠ። ግራዝማች ግን ሐዘን በጽሑፍ ስላልቀረበላቸው አለፉት።

በማግስቱ ችሎቱ በሙሉ ወደ ተበላ ወረደ። አዛለች ቢላዋ ይዛ መቃብሩ አጠገብ ጠበቀቻቸው። ሶዶ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ አማርኛ ለምዳለች።

«ጌታዬ፣ ባሌ ቢከፍት ይቀጣል። ጸሐፊው ቢከፍትም ይቀጣል። የማይቀጡ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ዳኛን ማን ይቀጣል?» ብላ ቢላዋውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

ግራዝማች ቢላዋውን አዩ። ጉድጓዱን አዩ። ነፋሱ ዞረ፤ እርሳቸውም ዞሩ። ሃምሳ ክንድ ርቀው፣ ኩታቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ፈረዱ፦ «በሬው በአባ ሰንጋ መሞቱን ችሎቱ ከሽታው ተረድቷል። ማንም እንዳይነካው!»

ጩማ ተፈታ፤ በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። ግራዝማችም ለበላይ «በሽታው ችሎት ቀርቦ ተረትቷል» ሲሉ ጻፉ።

መስቀል ሳምንት ሲቀረው፣ ግራዝማች ለድግስ ያስቀለቡት ሰንጋ ግቢያቸው ውስጥ ተዘረረ። ተክለጻድቅ ወረቀቱን ይዞ ከተፍ አለ።

«ጌታዬ፣ በአባ ሰንጋ መሞቱን በምን እናረጋግጥ? ይከፈት?»

«ዐይን የለህም እንዴ? ሆዱን አታይም? ቶሎ ቅበሩት!»

«ምስክርስ?»

«እኔ!» አሉ ግራዝማች፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅረው።

ተክለጻድቅ «የባለ በሬው ቃል ብቻውን በቂ ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ መዘገበ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእኛ ችሎት የባለ በሬን ቃል ያምናል፤ በሬው የዳኛ እስከሆነ ድረስ።